ወንጪ ቂርቆስን በደርሶ መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ «ቂርቆስ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ክፍለ ከተማው ነው። ከመዲናችን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተኛ ሐይቅ መካከል፣ ትንሽ ደሴት ላይ የተቀመጠ ሌላ ቂርቆስ አለ። ወንጪ ሄዶ የመጣው ሰው ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። «ቂርቆስ ደረስህ ወይ?» ስትሉት ግን «ከላይ አይቼዋለሁ» ይላችኋል። ከአፋፉ ላይ ሆኖ የቆርቆሮ ጣሪያ ማየትና ደሴቲቱን መርገጥ ለየቅል ናቸው። ይህ ጽሑፍ መርገጥ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገርና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ለወንጪ ያለው አንድ ቀን ብቻ የሆነ ሰው ቀኑን ለአፋፉ ሳይሆን ለደሴቲቱ ቢሰጠው የተሻለ ነው ባይ ነኝ። አፋፉ ላይ መኪና ማቆሚያ፣ ምግብ ቤትና ጥሩ ፎቶግራፍ አለ። ከአፋፉ በታች ግን ፈረስ የሚስብ፣ ጀልባ የሚቀዝፍ ገበሬና የዕለት ጸሎቱን የሚያደርስ ገዳም አለ። የከተሜው ብር ብዙ ጊዜ የሚቀረው ከላይ ነው። ታች የሚወርደው ጥቂቱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ባለቤቱ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በጠርሴስ ሰማዕትነት ተቀብሏል። ወርኃዊ መታሰቢያው በየወሩ 15፣ ዓመታዊው ደግሞ ጥር 15 ቀን ነው። ፈረንጆችም ያውቁታል። ፈረንሳዮች የሚኮሩበት የሴን ሲር የጦር ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው በዚሁ ሕፃን ከተሰየመች መንደር ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ስም ለመኮንኖች ትምህርት ቤት መዋሉ ሁሌም ይገርመኛል።

የእኛ አባቶች ታቦቱን ደሴት ላይ ማኖር የሚወዱት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከዓለም ጫጫታ መለየት ነው። ሁለተኛው ከጦርና ከዘረፋ መሸሸግ ነው። በጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ይኩኖ አምላክን፣ የዐፄ ዳዊትን፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲለደስን አፅም ጠብቆ እስከ ዛሬ ያቆየው ውኃ ስለከበበው ጭምር ነው። እዚያው ጣና ላይ ያለው ጣና ቂርቆስ፣ ማለትም የወንጪው ታላቅ ወንድም፣ ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት ተቀምጣበታለች ተብሎ የሚታመንበት ቦታ ነው። የዝዋይዋ ደብረ ጽዮን ደግሞ በዮዲት ጊዜ ከአክሱም የሸሹ ካህናት ያረፉባት እንደሆነች ትውፊቱ ይናገራል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስም ቀድሞ ደሴት ነበረ። ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባበታል።

ወንጪ ቂርቆስ ከእነዚህ ሁሉ ታናሽ ነው። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም በእቴጌ ምንትዋብ እንደታነጸው ናርጋ ሥላሴ ያለ የግድግዳ ሥዕል ፍለጋ የሚሄድ ሰው ባዶውን ይመለሳል። ትውፊቱ ምሥረታውን ወደ መካከለኛው ዘመን ይወስደዋል። የሚታየው ሕንጻ ግን በየአገሩ እንደምናውቀው ቆርቆሮ የለበሰ ቤተ ክርስቲያን ነው። ታዲያ ምን ያስኬዳል? አንደኛ፣ ቦታው ራሱ። ሁለተኛ፣ ከመዲናችን ጠዋት ተነስቶ ማታ ቤቱ ለመግባት ለሚፈልግ ሰው የደሴት ገዳም በዚህ ቅርበት እምብዛም አይገኝም። ዳጋን ለማየት ባሕር ዳር ድረስ መሄድና ከዚያም ሰዓታት በሚወስድ ጀልባ መጓዝ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገቡም። ወንጪ ላይ ግን ባልና ሚስት አብረው ይወርዳሉ።

እኔ ብዙውን ጊዜ የምሄደው ከእንጭኒ ተነስቼ ነው። ዘመድ ስላለኝ ዓርብ ማታ እገባና እዚያው አድራለሁ። እንጭኒ የአደአ በርጋ ወረዳ ከተማ ናት። ከሆለታ ወደ ሙገር በሚያወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ ብርዳም ደጋ ስትሆን፣ ሙገር ሲሚንቶ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የከባድ መኪና ድምፅ ለምዳለች። የእንጭኒ ዘመዶቼ ወንጪን የሚያውቁት እንደ እኛ በ«ጉብኝት» አይደለም። ለስለትና ለጠበል ነው የሚሄዱት። ሚኒባስ ተከራይተው፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው፣ ጧፍና ዕጣን ይዘው በሌሊት ይነሳሉ። አፋፉ ላይ ቆመው ፎቶ የሚነሱት ከደሴቲቱ ሲመለሱ ነው። እኔም ቅደም ተከተሉን የተማርኩት ከእነርሱ ነው።

ከእንጭኒ ሆለታ ይወረድና የአምቦ መንገድ ይያዛል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳም ሆለታ መንገድ ላይ ናት። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩበት የገነት ጦር ትምህርት ቤት እዚህ ነበር። ከዚያ አዲስ ዓለም ይመጣል። ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዞሩ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። የአዲስ አበባ የማገዶ ችግር በባሕር ዛፍ ሲቃለል ሐሳባቸውን ለወጡና የተጀመረው ሕንጻ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለደርሶ መልስ ተጓዥ ግን አዲስ ዓለም ፈተና ናት። ማርያምን ልይ ብሎ አንድ ሰዓት ያጠፋ ሰው ያቺን አንድ ሰዓት ደሴቲቱ ላይ ይፈልጋታል። ለሌላ ቀን ይተዋት። ጊንጪንና የጭልሞን ደን አልፎ አምቦ ላይ ቁርስ ይበላል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የመጣውን ውኃ በገዛ አገሩ መጠጣትም ከጉዞው ጋር የሚሄድ ነገር ነው።

ከአምቦ በግራ ታጥፎ ወደ ደቡብ ሽቅብ ሲወጣ ወንጪ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ሌላው መግቢያ በጅማ መንገድ በወሊሶ በኩል ነው። ርቀቱ ብዙም ስለማይለያይ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻላል። ወንጪ በአስተዳደር ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ይሁን እንጂ ከምዕራብ ሸዋ ጋር ጉርብትናው የቅርብ ነው። የምዕራብ ሸዋው የደንዲ ሐይቅም ሩቅ አይደለም። አምቦን አቋርጦ የሚወርደው የሁሉቃ ወንዝ ከዚያ የሚነሳ ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋ የተለያዩ ወረዳዎች በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል ግጭት ነበር። መንገዱ ሰላም የሚሆንበትም የማይሆንበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ባለው ምሽት አምቦ ወይም ወሊሶ ላለ ሰው ስልክ መምታት ግድ ነው። የምትደውሉለት ዘመድ ከሌላችሁ ወደዚያ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ። የጉብኝት መጽሐፍ ይህንን አይነግራችሁም።

የወንጪ ተራራ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,386 ሜትር ነው። ከመኪና ወርዶ ሩጫ የሚጀምር ጎረምሳ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሃምሳዎቹ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም አይሮጥም። ሐይቁ ከእግራችሁ በታች፣ በአስታና በእንሰት በተሸፈነ ገደል ውስጥ ይታያል። ደሴቲቱም ከነዛፎቿ ትታያለች። ፀሐይ ካለች ውኃው ሰማያዊ፣ ደመና ከመጣ ጥቁር ነው። ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ውስጥ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ለውጡ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ይፋ በሆነው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ወንጪ ተመረጠ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከ32 አገሮች ከመረጣቸው 44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆነች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የወንጪ ደንዲ የኢኮ ቱሪዝም ሥራዎች ተመረቁ። ማረፊያው አምሯል። ይህንን የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ መንገዱ ጭቃ በነበረበት ጊዜ፣ ወንጪን ለጎብኚ የከፈቱት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በጂቲዜድ እገዛ ማኅበር አቋቁመው ፈረሱን፣ ጀልባውንና አስጎብኚውን በተራ ያሰማሩ ነበር። «ተራ» የሚለው ቃል እዚህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ የአንዱ ፈረስ ከወጣ ነገ የጎረቤቱ ይወጣል። ስለዚህ «ያኛው ነጭ ፈረስ ይሁንልኝ» ብላችሁ አትከራከሩ። የነጩ ፈረስ ባለቤት ትናንት በልቷል።

ቁልቁለቱ በእግር ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ጉልበቱን የሚያምን በእግሩ ይውረድ፤ ሲመለስ ግን ፈረስ ይያዝ። የፈረስ፣ የጀልባና የአስጎብኚ ሒሳብ የየራሱ ስለሆነ ሦስቱንም መነሻው ላይ መጨረስና ደረሰኝ መያዝ ይገባል። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ባለፈው ዓመት የተጻፈ ዋጋ ዘንድሮ ጠብ ያነሳል። ዝርዝር ብር ግን ይያዝ። ሐይቅ ዳር ቆሞ ባለ 200 ብር የሚመነዝር አይገኝም።

የጀልባው መንገድ አጭር ነው። የሞተር ድምፅ በሌለበት፣ በቀዘፋ ብቻ ሲኬድ፣ ደሴቲቱ ቀስ ብላ ትቀርባለች። ያን ጊዜ ነው ከላይ የሚታየው ነገር የሚገለበጠው። አፋፉ ላይ ስንቆም እኛ የምናየው እነርሱን ነበር። ሐይቁ መካከል ስንደርስ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ ግድግዳ ሆኖ የምንታየው እኛ ነን።

መሬት ከተረገጠ በኋላ ጉዞው ሌላ መልክ ይይዛል። ጫማ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይወልቃል። ሴቶች ነጠላ ይለብሳሉ። ሱሪ የለበሰች ካለች ከነጠላው በታች ቀሚስ ወይም ሽርጥ ይዛ ብትመጣ ከመሸማቀቅ ትድናለች። ወንዱም በቁምጣ አይገባም። ቅዳሴ ላይ የደረሰ ሰው ወይ ቆሞ ያስቀድስ፣ ወይ ከዛፉ ሥር ዝም ብሎ ይቀመጥ። በዚያ መካከል የሚያስጎበኝ አባት አይፈለግም። በወር 15 የሄደ ሰው ሕዝቡንና ማኅሌቱን ያገኛል፤ ጸጥታውን ግን አያገኝም። ጸጥታ የፈለገ ተራ የሥራ ቀን ይምረጥ።

አንድ ጊዜ ባንክ የሚሠራው የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። ካሜራውን አንጠልጥሎ ወደ ውስጥ ሲያልፍ አንድ አዛውንት መነኩሴ በእጃቸው ምልክት አስቆሙት።

«ከበሩ ወዲህ አንሳ ልጄ። ከዚያ ወዲያ ግን ይቅር።»

«አባ፣ እኛ እኮ ላይ ከፍለናል» አላቸው፣ በአክብሮት ነው ደግሞ።

«የከፈላችሁት ለፈረሱና ለጀልባው ነው። ለዚህ ቤት ማን ያስከፍላል ብለህ ነው?»

ልጁ እኔን አየኝ፤ ጠበቃ አጎቱ እንዲከራከርለት መሆኑ ነው። እኔም የሕግ ምክሬን በነፃ ሰጠሁት፤ አባታችን ልክ ናቸው። ነገሩ ለሌሎችም ስለሚጠቅም ጥቂት ላብራራው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ ሐይቁ የእኔም የእናንተም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነት ሥር የራሱን ሥርዓት የሚያስከብር ተቋም ነው። በአንቀጽ 11 መሠረት መንግሥት እንኳን በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። መንግሥት ጣልቃ ከማይገባበት ደጅ ላይ የጎብኚ ትኬት ጣልቃ ሊገባ አይችልም። ጀልባው ውስጥ ደንበኛ የነበረው ሰው ደሴቲቱ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ እንግዳ ይሆናል። ደንበኛ ይጠይቃል፤ እንግዳ ግን ይፈቀድለታል።

ሌላም ሕግ አለ። አንቀጽ 91 ንዑስ አንቀጽ 2 የተፈጥሮ ሀብትንና የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የሁሉም ኢትዮጵያዊ ግዴታ ነው ይላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ በእጁ የሚገኝ ሰው ወይም ድርጅት እንዲንከባከበው ያስገድዳል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች ይህንን ልብ በሉ። በየገዳሙ አካባቢ የብራና ቅጠል ወይም አሮጌ መስቀል «በርካሽ» የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። ዕቃው እውነተኛ ከሆነ መግዛቱ ወንጀል ውስጥ ሊከት ይችላል። የውሸት ከሆነ ተታላችኋል። በሁለቱም መንገድ ትርፍ የለውም።

ለገዳሙ መስጠት የሚፈልግ ሰው ሙዳየ ምጽዋት አለለት። ከገንዘብ ይልቅ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዞ መሄድ የእንጭኒ ዘመዶቼ ልማድ ነው፤ ከአምቦ ገበያ ይገኛል። በእኔ ግምት ከእኛ የአምስት ደቂቃ ምስጋናና የአንድ መቶ ብር ኖት ይልቅ ይህ ይወደዳል። መነኮሳቱ ለጧፍ ሲሉ ያን አቀበት ከመውጣት ይድናሉ።

ደሴቲቱ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚያቆይ ነገር የለም፤ ከዚያ ያነሰ ቆይቶ መሄድ ግን ጥድፊያ ነው። ጊዜ ካለ በመጣችሁበት አትመለሱ። ጀልባው በሌላው ዳርቻ ሊያወርዳችሁ ይችላል። ከዚያ በሀሮ ሸለቆ፣ በእንሰቱ መካከል፣ ፍል ውኃውና እንደ አምቦ ውኃ የሚንጨረጨረው ምንጭ ወዳለበት በእግር ወይም በፈረስ ይኬዳል። ሀሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። እዚያ በረባዳው መሬት ላይ የሚኖሩት ገበሬዎች ማር ይሸጣሉ፤ የወንጪ ማር ዝናው የታወቀ ነው። ሰላምታውን በኦሮምኛ መጀመር ዋጋ አያስቀንስም፤ ወሬውን ግን ያረዝማል። «ኦቦ» ያላችሁት ሽማግሌ መቀመጫ ሳይሰጣችሁ አያሳልፋችሁም።

ሰዓቱ እንዲህ ቢሆን ይመቻል። ከሆለታ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መነሳት፣ አምቦ 2 ሰዓት ቁርስ፣ አፋፉ ላይ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ደሴቲቱ ላይ ከ5 ሰዓት በፊት። ሀሮን ጨምሮ ሽቅብ ለመውጣት ከ9 ሰዓት ባይዘገይ መልካም ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ድንገት ይወርዳል፤ ፈረሱም ያን አቀበት ደጋግሞ የወጣ ስለሆነ አይቸኩልም። ምሳ አፋፉ ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ስንቅ ቋጥሮ ታች መብላት ጊዜ ይቆጥባል። ጾም ከሆነ፣ በተለይ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ፣ ቅጥሩ አጠገብ የሥጋ ሳንድዊች መፍታት ነውር ነው።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ወቅት ከሁሉ ይሻላል። ክረምቱ አልፎ አፋፉ አረንጓዴ ነው፤ ሰማዩም ጠርቷል። በሐምሌና በነሐሴ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፤ ዝናብ ሲጥል ፈረሱም ጀልባውም ይቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ስለሚኖር ሹራብ አይረሳ። ጥር 15 የሚሄድ ሰው ደግሞ በዋዜማው አምቦ ወይም ወሊሶ ገብቶ ቢያድርና ጎህ ሳይቀድ ቢወርድ ይሻለዋል፤ በዚያ ቀን የጀልባው ተራ ረጅም ነው።